አንድ ሰው ሲበር ሰርቨሩ ለምን ይንቀራፈፋል? ዓለሙን ቀድሞ ስለመፍጠር

ጥያቄው ባጭሩ ይህ ነው። ጠያቂያችን ለጓደኞቹ የማይንክራፍት ጃቫ ሰርቨር ከፍቷል። ሰርቨሩ የሚሰራው በፔፐር፣ ማለትም በተሻሻለ የሰርቨር ሶፍትዌር ነው። በአንድ ጊዜ እስከ አስራ አምስት ሰው ይገባል። ሁሉም በየቤቱ ሲገነባ ሰርቨሩ ሰላም ነው። አንዱ ኤሊትራ (የጨዋታው መብረሪያ ክንፍ) ለብሶ ማንም ወዳልረገጠው ቦታ መብረር ሲጀምር ግን የሁሉም ጨዋታ ይንቀራፈፋል። የተሰበረ ብሎክ ተመልሶ ቦታው ላይ ይገኛል። የተመታ ዞምቢ ቆይቶ ነው የሚወድቀው። ራም ተጨምሮ ታይቷል፣ ለውጥ የለም። «ዓለሙን ቀድሞ መፍጠር ይረዳል ሲባል ሰማሁ። እውነት ነው? ምን ያህል ስፋት ይበቃል? የገነባነውን ነገርስ አያበላሽም?»

አዎ፣ ይረዳል። የገለጻችሁት ምልክት ይህ ዘዴ በቀጥታ የሚፈታው ችግር ነው። የገነባችሁት ቤትም ሆነ እርሻ አይነካም። ከባዱ ጥያቄ የስፋቱ ነው፤ ብዙ ሰው የሚቸገረው እዚያ ላይ ነው። መጀመሪያ ግን ሰርቨሩ ለምን እንደሚጨናነቅ እንይ። ምክንያቱ ሳይገባን ቁጥር ብንመርጥ በግምት መሄድ ይሆናል።

የማይንክራፍት ሰርቨር ዓለሙን በሰከንድ 20 ጊዜ ያድሳል። እያንዳንዱ ዙር ቲክ ይባላል። ስለዚህ ለአንድ ቲክ ያለው ጊዜ 50 ሚሊሰከንድ ነው። በዚያች ቅጽበት ሞቦች (እንስሳቱና ጭራቆቹ) ይንቀሳቀሳሉ፣ ሰብል ያድጋል፣ ሬድስቶን (የጨዋታው ኤሌክትሪክ) ይሰራል፣ ሆፐር ዕቃ ያስተላልፋል፣ የእናንተም ምት ይቆጠራል። ስራው በ30 ሚሊሰከንድ ካለቀ ሰርቨሩ የቀረውን 20 ያርፋል። 80 ከፈጀበት ግን በሰከንድ 20 የነበረው ቲክ ወደ 12 ይወርዳል። ያኔ ነው በሩ ዘግይቶ የሚከፈተው። ይህ ሁሉ በአብዛኛው የሚሰራው በአንድ ዋና ትሬድ፣ ማለትም በአንድ የስራ መስመር ላይ ነው። ፕሮሰሰሩ አስራ ስድስት ኮር ቢኖረውም ዋናው ትሬድ በአንድ ጊዜ የሚጠቀመው አንዱን ብቻ ነው። ለማይንክራፍት ሰርቨር ከኮር ብዛት ይልቅ የአንዱ ኮር ፍጥነት የሚፈለገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ መሬቱ እንምጣ። ጨዋታው ዓለሙን የሚይዘው በቸንክ ከፋፍሎ ነው። አንድ ቸንክ ወርዱና ርዝመቱ 16 በ16 ብሎክ ነው። በ2021 ከወጣው 1.18 ወዲህ ከፍታው 384 ብሎክ ሆኗል። ሲባዛ 98,304 ብሎክ ይመጣል። ከዚያ በፊት ከፍታው 256 ስለነበር 65,536 ነበር። በአንድ ቨርዥን የቸንኩ መጠን በግማሽ ጨመረ ማለት ነው፤ ያውም የዋሻዎቹ ውስብስብነት ሳይቆጠር።

ቸንኩ ደግሞ ባንዴ አይወለድም። መጀመሪያ መንደሩና ምሽጉ የት እንደሚያርፍ ይሰላል። ቀጥሎ ባዮሙ፣ ማለትም የአካባቢው ዓይነት (በረሃ፣ ጫካ)፣ ይለያል። ከዚያ የተራራውና የሸለቆው ቅርጽ ይወጣል፣ ላዩ ሣር ወይም አሸዋ ይለብሳል፣ ዋሻ ይቦረቦራል፣ ዛፍና ማዕድን ይገባበታል፣ በመጨረሻም ብርሃኑ ይሰላል። ዛፍ የሚተከልበት ደረጃ ላይ ልብ የሚባል ነገር አለ። ጠርዝ ላይ የበቀለ ዛፍ ቅርንጫፉ ወደ ጎረቤት ቸንክ ይገባል። ስለዚህ አንድ ቸንክ እዚህ ደረጃ ከመድረሱ በፊት የጎረቤቶቹ መሬት ወጥቶ መጠበቅ አለበት። አንዱን ስትጠሩ ሌሎች ተጎትተው ይመጣሉ።

ይህን ይዘን አንድ በራሪ እንከተል። ሰርቨሩ የሚያሳየው ርቀት፣ ማለትም ቪው ዲስታንስ፣ ሳይነካ ሲተው 10 ነው። ይህ ማለት ተጫዋቹ ከቆመበት በየአቅጣጫው 10 ቸንክ ይታየዋል፤ በጠቅላላው 21 በ21፣ ወይም 441 ቸንክ። በእግሩ ሲሮጥ ፍጥነቱ በሰከንድ 5.6 ብሎክ ገደማ ስለሆነ አንድ ቸንክ ለማቋረጥ ሦስት ሰከንድ ያህል ይፈጅበታል። አንድ ቸንክ ባለፈ ቁጥር ከፊቱ አዲስ የ21 ቸንክ ረድፍ ይፈለጋል። ይህ በሰከንድ ወደ 7 ቸንክ ነው። አብዛኛው ሰርቨር ይችለዋል። ይኸው ሰው ኤሊትራ ለብሶ ርችት ሲተኩስ ግን ፍጥነቱ በሰከንድ ከ30 ብሎክ በላይ ይሆናል። በየሰከንዱ ሁለት ረድፍ፣ ማለትም 42 ቸንክ ገደማ ይጠይቃል። ሦስት ጓደኛሞች በሦስት አቅጣጫ ቢበሩ ከ120 በላይ ነው። ሰርቨራችሁ በሰከንድ 50 መፍጠር የሚችል ቢሆን እንኳ ወረፋው ከመጀመሪያው ሰከንድ ጀምሮ እየረዘመ ይሄዳል።

«ፔፐር ቸንክ የሚፈጥረው በሌሎች ትሬዶች ላይ አይደለም እንዴ?» የሚል ይኖራል። ልክ ነው፣ አብዛኛው የመፍጠር ስራ ከዋናው ትሬድ ወጥቷል። ግን እነዚያ ትሬዶች የሚሮጡት በዚያው ፕሮሰሰር ላይ ነው። ሁለት ኮር ብቻ በተሰጠው ኪራይ ሰርቨር ላይ ዋናው ትሬድ ከእነሱ ጋር ይሻማል። ተፈጥሮ ያለቀው ቸንክም በመጨረሻ በዋናው ትሬድ እጅ ማለፉ አይቀርም። የመፍጠር ስራው ብዙ ጊዜያዊ ሜሞሪ ስለሚበላ ጃቫ ቶሎ ቶሎ ለጽዳት ይነሳል፤ ያም ትንሽ ትንሽ መቆራረጥ ያመጣል።

ራም መጨመራችሁ ያልረዳውም ለዚህ ነው። ራም የተጫኑ ቸንኮች የሚቀመጡበት ቦታ ነው። ቦታው ሲሰፋ ተራራ የማስላቱ ስራ አይቀልም።

ዓለሙን ቀድሞ መፍጠር፣ ልጆቹ ፕሪጄን የሚሉት፣ ይህን ከባድ ስራ ማንም በማይጫወትበት ሰዓት አንድ ጊዜ ጨርሶ ዲስክ ላይ ማስቀመጥ ነው። ከዚያ በኋላ በራሪው ወደ ፊት ሲገሰግስ ሰርቨሩ የሚጠበቅበት ፋይሉን ማንበብ፣ መፍታትና መላክ ነው። ይህም ስራ ነው፤ ግን ከመፍጠሩ ጋር ሲነጻጸር በጣም ቀላል ነው። ብዙ ጊዜ የሚነሳውን አንድ ፍርሃት እዚሁ ላንሳ። ቀድሞ የተፈጠረ መሬት ሁሉ ራም ውስጥ ተከምሮ አይቀመጥም። ማንም በአጠገቡ ከሌለ ዲስክ ላይ ይተኛል።

ወደ ስራው ከመግባታችሁ በፊት ግን በሽታው እውነት ይህ መሆኑን አረጋግጡ። ሙከራው ቀላል ነው። የቲኩን ጊዜ የሚያሳየውን የፔፐር ትዕዛዝ ክፈቱ፣ ወይም ከ1.21 ጀምሮ ከፔፐር ጋር አብሮ የሚመጣውን ስፓርክ የተባለ መለኪያ ተጠቀሙ። መጀመሪያ ሁላችሁም ቤታችሁ ሆናችሁ ቁጥሩን እዩ። ከዚያ አንድ ሰው ብዙ ጊዜ በተሄደበት መንገድ ላይ ይብረር። በመጨረሻ ማንም ወዳልነካው አቅጣጫ ይብረር። በአሮጌው መንገድ ሰላም ሆኖ በአዲሱ ብቻ ቁጥሩ ከ50 ሚሊሰከንድ እያለፈ ከተንቀራፈፈ ችግሩ መሬት መፍጠሩ ነው፤ ቀጥሉ። በሁለቱም ከተንቀራፈፈ ዲስኩ ቀርፋፋ ነው ወይም የእይታ ርቀቱ በዝቷል። ቤት ቁጭ ብላችሁም ቁጥሩ ከፍ ያለ ከሆነ ደግሞ ጥፋተኛው ከመቶ በላይ የታጎሩ ላሞች፣ የቪሌጀር (የመንደር ነዋሪ) አዳራሽ ወይም የሆፐር ሰንሰለት ነው። ለዚያ የተፈጠረ መሬት ምንም አያደርግለትም። ይህን ሙከራ ሳይሰሩ ሌሊቱን ሙሉ ቸንክ ሲያስፈጥሩ አድረው ጠዋት ያው ላግ (መንቀራፈፍ) የሚጠብቃቸው ሰዎች ያሳዝኑኛል፤ ሙከራው አስር ደቂቃ እንኳ አይፈጅም።

አሁን ስፋቱ። እዚህ ላይ ያለኝ አቋም ግልጽ ነው። ወሰን ሳታበጁ አትጀምሩ። ወሰን ከሌለ የቀደመው ሰው የተፈጠረውን መሬት አልፎ ይበርና ችግሩ እዚያው ጠርዝ ላይ ይጠብቃችኋል። ጨዋታው ራሱ ወርልድ ቦርደር የሚባል ትዕዛዝ አለው። እሱን ተጠቀሙ።

ሁለቱ መሣሪያዎች ቁጥር የሚቆጥሩት በተለያየ መንገድ ስለሆነ ተጠንቀቁ። ወርልድ ቦርደር ላይ የምትጽፉት ከጫፍ እስከ ጫፍ ያለውን ሙሉ ወርድ ነው። መሬቱን የሚፈጥረው ቸንኪ የተባለው ፕለጊን ደግሞ የሚጠይቀው ከመሃል እስከ ጫፍ ያለውን ራዲየስ ነው። ወሰኑ 10,000 ከሆነ ለቸንኪ የምትሰጡት 5,000 ነው። ሁለቱም ላይ 10,000 የጻፈ ሰው ከሚያስፈልገው አራት እጥፍ መሬት ያስፈጥራል፤ ሦስት አራተኛው ከወሰኑ ውጭ ስለሆነ ማንም አያየውም።

በቁጥር እንየው። ራዲየስ 5,000 ማለት 10,000 በ10,000 ብሎክ ነው። በቸንክ 625 በ625፣ ማለትም 390,625 ቸንክ። ሰርቨሩ በሰከንድ 50 ከፈጠረ ሁለት ሰዓት ከሩብ ገደማ ይበቃዋል። ደካማ ሰርቨር ሆኖ በሰከንድ 10 ብቻ ከፈጠረ ወደ 11 ሰዓት ይወስዳል። ዲስኩስ? ጨዋታው እያንዳንዱን ቸንክ ሪጅን ፋይል ውስጥ በ4,096 ባይት ክፍልፋይ ነው የሚያስቀምጠው። ስለዚህ ከ1.6 ጊጋባይት በታች አይሆንም፤ የብዙ ቸንክ መጠን ከአንድ ክፍልፋይ ስለሚበልጥ እውነተኛው ቁጥር ከዚያ ሁለትና ሦስት እጥፍ ሊሆን ይችላል። ራዲየሱን ወደ 10,000 ብታሳድጉት ቸንኩ 1,562,500 ይሆናል። ያ ደካማ ሰርቨር ከ43 ሰዓት በላይ ሊሰራ ነው። ራዲየስ በእጥፍ ሲያድግ ስራውም፣ ዲስኩም፣ ባክአፑም አራት እጥፍ ያድጋል።

ለአስራ አምስት ሰው 5,000 በቂ ነው እላለሁ። ትንሽ የሚመስለው ካለ፣ ከአንዱ ጫፍ እስከ ሌላው ያለማቋረጥ በሩጫ ግማሽ ሰዓት ያህል የሚያስኬድ መሬት ነው። እናንተ ደግሞ ዓለሙን አሁን እየተጫወታችሁበት ስለሆነ ካርታችሁን እዩ። አንዱ ጓደኛችሁ 7,000 ላይ ቤት ሠርቶ ከሆነ ወሰኑ እሱንም ማካተት አለበት፣ አለዚያ ቤቱ ውጭ ይቀራል።

ከዚያ በላይ እንዳትሄዱ የምመክርበት ሌላም ምክንያት አለኝ፤ ይህኛውን ብዙዎች የሚያስታውሱት ዘግይተው ነው። አዲስ ቨርዥን ሲመጣ አዲስ ህንፃና አዲስ ባዮም የሚታየው ገና ባልተፈጠረ መሬት ላይ ብቻ ነው። በሰኔ 2024 ከ1.21 ጋር ትሪያል ቻምበር የተባለ አዲስ ህንፃ መጣ። ቀደም ብሎ 20,000 ራዲየስ ያስፈጠረ ሰርቨር ላይ ያሉ ተጫዋቾች እሱን ለማግኘት ያን ሁሉ መሬት አቋርጠው መሄድ ነበረባቸው። በ5,000 ያቆመ ግን ወሰኑን ትንሽ ገፋ አድርጎ አዲስ ነገር ያገኛል። ነገ ለሚመጣው ቦታ ተዉለት።

በሰፊው አስፈጥሮ ለተቸገረም መውጫ አለው። እያንዳንዱ ቸንክ ውስጥ ተጫዋቾች አካባቢው ላይ ያሳለፉት ጊዜ በቲክ ተመዝግቦ ይቀመጣል። ማንም ያልደረሰበት ቸንክ ላይ ይህ ቁጥር ዜሮ ነው። ኤምሲኤ ሰሌክተር የተባለው ፕሮግራም በዚህ ቁጥር ለይቶ ያልተነኩትን ቸንኮች ብቻ ማጥፋት ይችላል። ሰርቨሩን ዝጉ፣ ባክአፕ ያዙ፣ አጥፉ፣ ከዚያ በአዲሱ ቨርዥን እንደገና አስፈጥሩ። ማንም የሠራው ነገር አይጠፋም። ይህን ባክአፕ ሳይዙ መሞከር ግን ፈጽሞ አልመክርም።

አፈጻጸሙ ላይ ብዙ የሚወራ የለም። ባክአፕ ያዙ። መሬት የሚቀይር ዳታፓክ (የጨዋታውን ይዘት የሚቀይር የፋይል ጥቅል) ወይም ፕለጊን መጨመር ካሰባችሁ አሁኑኑ ጨምሩ፤ በኋላ የመጣ ዳታፓክ ካለው መሬት ጋር አይገጥምም፣ ገደል የመሰለ ቀጥ ያለ ጠርዝ ይፈጥራል። ቸንኪን ጫኑ። ከዚያ ኮንሶሉ ላይ ዓለሙን ምረጡ፣ መሃሉን 0 0 አድርጉ፣ ራዲየሱን 5,000 ስጡት፣ ስታርት በሉት። ወርልድ ቦርደሩን አስቀድማችሁ ካበጃችሁ መሃሉንም ራዲየሱንም ከወሰኑ ላይ ራሱ እንዲወስድ ማዘዝ ይቻላል፤ ለመሳሳት ቦታ ስለማይተው እኔ ይህን እመርጣለሁ። ሲሰራ በመቶኛ የደረሰበትን፣ በሰከንድ ስንት ቸንክ እንደሚፈጥርና የቀረውን ጊዜ ያሳያችኋል። ሰው ሊገባ ከሆነ ፖዝ አድርጉት፣ ሲወጡ ኮንቲኒው። አስቀድሞ ያለውን ቸንክ አይነካውም፣ የጎደለውን ብቻ ይሞላል። የክብ ቅርጽ ምርጫም አለው፤ ከካሬው አንድ አምስተኛ ያህል ስራ ይቀንሳል። ግን የጨዋታው ወሰን ካሬ ስለሆነ አራቱ ማዕዘኖች ሳይፈጠሩ ይቀራሉ። ካሬውን ያዙ።

ኔዘርንና ኤንድን፣ ሁለቱን ሌሎች የጨዋታው ዓለማት፣ አትርሱ። ኔዘር ውስጥ አንድ እርምጃ በዋናው ዓለም 8 ስለሚሆን በሂሳብ 625 ራዲየስ ይበቃል። ሰው ግን ፎርትረስና ባስቲየን የተባሉትን ህንፃዎች ፍለጋ ከዚያ ይርቃል፤ ወደ 2,000 ውሰዱት። ኤንድ ላይ ከመሃሉ ደሴት ቀጥሎ ባዶ ነው፣ ውጪዎቹ ደሴቶች የሚጀምሩት 1,000 ብሎክ ገደማ ላይ ነው። ኤሊትራ የሚገኘው እዚያ ነው፣ ሰው ባገኘው ደቂቃም መብረር ይጀምራል። ስለዚህ ኤንድንም ቢያንስ 4,000 ስጡት። ባዶው ቸንክ ቶሎ ያልፋል፣ ቦታም ብዙ አይዝም።

ሰርቨራችሁ ኪራይ ከሆነ አከራዩ ፕሮሰሰሩን ለሰዓታት መጨናነቃችሁን ላይወደው ይችላል። በራሳችሁ ኮምፒውተር ፈጥራችሁ መጫን ትችላላችሁ። የምትጀምሩት ከሰርቨሩ ላይ ባወረዳችሁት የዓለሙ ቅጂ ይሁን፤ ሲዱ (መሬቱ የሚወለድበት ቁጥር) አብሮት ይመጣል። የጨዋታው ቨርዥንና ዳታፓኮቹም አንድ መሆን አለባቸው። ቅጂውን መልሳችሁ እስክትጭኑ ድረስ ሰርቨሩን ዝጉት፤ አለዚያ በመሃል የተገነባው ሁሉ በአሮጌው ይተካል። ፎልደሩ ላይም አስተውሉ። ፔፐር በብዙ ቨርዥኖቹ ኔዘርንና ኤንድን በየራሳቸው የዓለም ፎልደር ለይቶ ነው የሚያስቀምጠው። ፋብሪክ የተባለው ሌላው የሰርቨር ዓይነትና ተራው ሰርቨር ደግሞ ሁሉንም በአንዱ የዓለም ፎልደር ውስጥ ይይዛሉ። በፋብሪክ ፈጥራችሁ ወደ ፔፐር ስትወስዱ ይህን ካላያችሁ ኔዘሩ አዲስ ሆኖ ሊጠብቃችሁ ይችላል።

ከተፈጠረ በኋላ ቪው ዲስታንሱን እንደገና አስቡበት። ከ10 ወደ 7 ብታወርዱት ለአንድ ሰው የሚያስፈልገው ቸንክ ከ441 ወደ 225 ይወርዳል፤ ግማሽ ያህል ማለት ነው። ሞቡና ሰብሉ የሚንቀሳቀስበትን ሲሙሌሽን ዲስታንስ ለብቻው 5 ወይም 6 ማድረግ ይቻላል። ዲስኩ ኤስኤስዲ ይሁን፤ በአሮጌው ሃርድ ዲስክ ላይ በራሪው ማንበብን ይጠብቃል። ባክአፑም አሁን በጊጋባይት ስለሚቆጠር በየሰዓቱ ሙሉውን ዓለም ዚፕ የሚያደርግ ፕለጊን ካላችሁ እሱ ራሱ የላግ ምንጭ ይሆናል። ሰው በሌለበት ሰዓት አድርጉት፣ ወይም የተቀየረውን ብቻ የሚወስድ መንገድ ፈልጉ።

አንድ ነገር ግን ከዚህ ሁሉ በኋላም ሊያስደነግጣችሁ ይችላል። ካርታ የሚሸጠው ቪሌጀር አዲስ ንግድ ሲከፍት ጨዋታው ሩቅ ያለ ህንፃ ፍለጋ ይነሳል። ፍለጋው ሲረዝም ሰርቨሩ ለአፍታ ቀጥ ይላል፣ ማንም ሳይበር። ፔፐር የሀብት ካርታዎችን ማጥፊያ ምርጫ በዓለም ማስተካከያ ፋይሉ ውስጥ አለው። ካርታው ለእናንተ ጨዋታ ያን ያህል የማያስፈልግ ከሆነ አጥፉት።

ወሰኑን ወደፊት ስታሰፉ ቅደም ተከተሉን ጠብቁ። መጀመሪያ ሰው በሌለበት ሌሊት ቸንኪን 6,000 ራዲየስ ስጡትና ይጨርስ፤ ያለውን እያለፈ አዲሱን ቀለበት ብቻ ነው የሚፈጥረው። ወርልድ ቦርደሩን ወደ 12,000 የምትገፉት በማግስቱ ነው። አስቀድማችሁ ከገፋችሁት ጓደኞቻችሁ አዲሱን መሬት ለማየት በአንድ ምሽት ሁሉም ይበራሉ፣ እናንተም ወደጀመራችሁበት ላግ ትመለሳላችሁ።